የጠርዝ ጥበብ፦ የቀሰም ዳንቴል፣ የመርፌ ዳንቴልና የጎባ ኪሮሽ

ዳንቴል ከክርና ከክፍተት የሚሠራ ጨርቅ ነው። በጥልፍ ሥራ ጨርቁ ቀድሞ አለ፤ መርፌዋ ያለውን ታስጌጣለች። በሽመናም ድሩ ተወጥሮ ይጠብቃል፤ ማጉ በመካከሉ ይመላለሳል። ዳንቴል ግን ከባዶ ይነሣል። ከክሩ በቀር ቀድሞ የተዘጋጀ ነገር የለውም፤ ክፍት የሚቀረው ቦታም እንደ ክሩ ሁሉ ታስቦበት የሚተው ነው።

ይህን ጨርቅ በእጅ የሚሠሩ ሁለት ታላላቅ ሙያዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኤውሮፓ ወጡ። አንደኛው ብዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ እያቋረጡና እያጠማዘዙ መጎንጎን ነው። ክሮቹ የሚጠቀለሉት ሸማኔ ማጉን ከሚጠቀልልበት ቀሰም ጋር በሚመሳሰሉ ትንንሽ እንጨቶች ላይ ስለሆነ፣ እዚህ የቀሰም ዳንቴል ተብሏል። ሁለተኛው በአንድ መርፌና በአንድ ክር ስፌትን በስፌት ላይ እየሠሩ መሄድ ነው፤ እሱም የመርፌ ዳንቴል ይባላል። በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በባሌ ደጋም በጎባና በሮቤ ሳሎኖች፣ በሶፋው፣ በቡፌውና በጠረጴዛው ላይ ተነጥፎ የሚታየው ዳንቴል ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ሥራ ነው፤ በኪሮሽ የተሠራ። ሦስቱ ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ የጎባው ኪሮሽ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር በአንድ በኩል ከቬኒስ የመርፌ ዳንቴል ይደርሳል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የቀሰም ዳንቴል የሚሠራው በጠንካራ ትራስ ላይ ነው። ትራሱ በጭድ ወይም በመጋዝ ብናኝ ተጠቅጥቆ ስለሚሞላ የተሰካበትን ስፒል አጥብቆ ይይዛል። በላዩ ንድፉ ይነጠፋል። ንድፉ ቀድሞ በብራና፣ በኋላ በወፍራም ወረቀት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ስፒል የሚተከልበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ በወስፌ ይበሳል። የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊዎችም መስመር ከማስመራቸው በፊት ብራናውን እንዲሁ ይበሱታል፤ በሁለቱም ሙያ ቀዳዳው የእጅ መሪ ነው። ቀሰሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ የአንድ ክር ሁለት ጫፎች በሁለት ቀሰም ላይ ይጠቀለሉና መካከሉ በስፒል ላይ ይንጠለጠላል። ቀሰሙ ክሩን ከመያዝ ሌላ በክብደቱ ይወጥረዋል፤ እጅም ክሩን ሳይነካ እንዲሠራ ስለሚያስችል ነጩ ክር ሳያድፍ ይወጣል።

ሥራው የቆመው በሁለት እንቅስቃሴዎች ብቻ ነው። አራት ቀሰሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከመካከለኞቹ የግራው በቀኙ ላይ ሲያልፍ ማቋረጥ ነው፤ በየጥንዱ የቀኙ በግራው ላይ ሲያልፍ ደግሞ ማጠማዘዝ ነው። ማቋረጥ፣ ማጠማዘዝ፣ ማቋረጥ በዚሁ ተራ ከተሠሩ ክሮቹ ልክ እንደ ሸማ ድርና ማግ ይጋጠማሉ፤ የአበባው ድፍን ክፍል የሚወጣው ከዚህ ነው። አንድ ማቋረጥና አንድ ማጠማዘዝ ብቻ ሲደጋገም ክሮቹ በሰያፍ ይሰራጩና ሳሳ ያለ ወንፊት ይሠራሉ። ማጠማዘዙ ሲጨመር መረብ ይሆናል። ስፒሎቹ የተጋጠሙትን ክሮች ለጊዜው በቦታቸው ያቆያሉ፤ ሥራው ወደ ፊት ሲገፋ የኋለኞቹ ይነቀሉና ክሮቹ በመጠላለፋቸው ብቻ ጸንተው ይቀራሉ። ሹሩባ ሠሪ በሦስት ዘለላ ፀጉር የምታደርገውን ዳንቴል ሠሪዋ በሃምሳ፣ በመቶና ከዚያም በላይ በሆነ ክር ታደርገዋለች።

ለጠባብ ጠርዝ አሥርና አሥራ አምስት ጥንድ ቀሰም ሊበቃ ይችላል። ስፋትና ረቂቅነት ሲጨመር ግን ቁጥሩ ወደ መቶዎች ይወጣል፤ በዚህ ምክንያት ሙያው በሁለት መንገድ ተከፈለ። በቫሌንሲየን፣ በሜኽለንና በቶርሾን ዓይነቶች ሁሉም ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ይጓዛል፤ አበባውና መረቡ በአንድነት ይወለዳሉ። በብራስልስና በእንግሊዙ ሆኒተን አሠራር አበባው፣ ቅጠሉና ግንዱ ለየብቻ ይሠራሉ፤ ከዚያ በቀጭን መንጠቆ ክር እየተሳበ ይጋጠማሉ። ይህ ሁለተኛው መንገድ የሥራ ክፍፍልን አመጣ። አንዲቱ አበባ ብቻ፣ ሌላይቱ መረብ ብቻ፣ ሦስተኛይቱ መግጠም ብቻ እየሠሩ፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የማትጨርሰው ትልቅ ሥራ በወራት ያልቅ ጀመር። ትርፉ ግን ለሠሪዎቹ አልነበረም፤ ክሩን የሚያከፋፍለውና ሥራውን የሚሰበስበው ነጋዴ ነበር የሚከብረው።

የመርፌ ዳንቴል መሣሪያው እጅግ ጥቂት ነው። ንድፉ በብራና ላይ ይሣላል፤ ብራናውም ከሥሩ ድርብ ጨርቅ ተደርጎለት ይሰፋል። በንድፉ መስመር ላይ ወፈር ያለ ክር ይዘረጋና በየጥቂቱ በቀጭን ክር ከብራናው ጋር ይያዛል። የሥራው አጥንት ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ መርፌዋ ብራናውን አትወጋም፤ ከአጥንቱ ክር ተነሥታ በቁልፍ ቀዳዳ ስፌት ቀለበት እየሠራች ትሄዳለች። መስመሩ ሲያልቅ ትመለስና ሁለተኛውን ረድፍ በፊተኛው ቀለበቶች ላይ ትሰፋለች። ቀለበቶቹ ተቀራርበው ከተሰፉ ድፍን ይሆናሉ፤ ተራርቀው ከተሰፉ መረብ ይሆናሉ፤ በየመካከሉ አንዳንድ ከተዘለለ ልዩ ልዩ ሐረግ ይወጣል። መጨረሻ ላይ የአበባው ዳር ዳር በጥቅጥቅ ስፌት ይደምቃል። ከዚያ በሁለቱ ድርብ ጨርቆች መካከል ምላጭ ይገባል፤ የያዙት ክሮች ሲቆረጡ ዳንቴሉ ከብራናው ይላቀቃል። ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከመው ብራና ከሥራው ውጭ ይሆናል፤ ሌላ ዳንቴልም ሊሠራበት ይችላል።

የዚህ ሙያ ጥግ የፈረንሳይዋ አላንሶን ናት። ዩኔስኮ በ2010 የአላንሶንን የመርፌ ዳንቴል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ፣ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሥራ ሰባት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ሙሉ ባለሙያ ለመሆንም ከሰባት እስከ አሥር ዓመት እንደሚያስፈልግ መዝግቧል። የአበባው ዳር ከፍ ብሎ እንዲታይ ውስጡ የፈረስ ፀጉር ይገባበታል፤ ሥራው ሲያልቅም ድፍኑ ክፍል በሎብስተር ጥፍር እየታሸ ይለሰልሳል። ሰባት ሰዓት ለአንድ የጣት ጥፍር ስፋት ማለት ነው። ሌላ የልብስ ጥበብ ይህን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

የአሠራሩ ልዩነት በጨርቁ ጠባይ ላይ ይታያል። የቀሰም ዳንቴል ክሮቹ እንደ ሽመና ስለሚተላለፉ ለስላሳ ነው፤ ሲሰበሰብ ይሰበሰባል፤ ሲለቀቅ ይፈስሳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአንገት ወደ ደረት ለሚወርደውና ከእጅጌ ለሚንጠለጠለው ጌጥ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። የመርፌ ዳንቴል በቀለበት ላይ ቀለበት የተሰፋ በመሆኑ ጠንከር ይላል፤ ቅርጹን ይጠብቃል፤ እንደ ቅርጻ ቅርጽ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በትከሻ ላይ ለተዘረጉት ሰፋፊ ኮሌታዎች የቬኒሱ ወፍራም የመርፌ ዳንቴል የተፈለገው ለዚሁ ነው። ስሕተት የሚታረምበት መንገድም ይለያያል። በቀሰም የተሠራ ስሕተት ቀሰሞቹን በመጡበት ተራ ወደ ኋላ በመመለስ ይፈታል፤ በመርፌ የተሠራው ግን ቀለበቱ በሌላ ቀለበት ስለተቆለፈ ብዙ ጊዜ መቆረጥ ይኖርበታል።

በእጅ የያዙትን ዳንቴል ለመለየት ድፍኑን ክፍል በማጉያ መስተዋት ማየት ይበቃል። ክሮቹ እንደ ነጠላ አንዱ በአንዱ ላይና ሥር እየተፈራረቁ ካለፉ በቀሰም የተሠራ ነው። የቀለበት ረድፎች ከታዩ በመርፌ ነው። አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ ወጥቶ ሰንሰለት የሠራ፣ ክሩም ወፈር ያለ ከሆነ ኪሮሽ ነው። በሱቅ በሜትር እየተለካ የሚሸጠው አብዛኛው የመኪና ሥራ ነው፤ ከዚህም መካከል ጊፑር የሚባለው ጀርባው ሲታይ በስፌት መኪና የተመላለሰ ክር ይገኝበታል፤ ዳር ዳሩም ጸጉራም ነው። ጊፑር በሚሟሟ ጨርቅ ላይ በመኪና ይጠለፍና ጨርቁ በኬሚካል ወይም በውኃ ተበልቶ ጥልፉ ብቻ የሚቀርበት ዘዴ ነው፤ መልኩ የመርፌ ዳንቴልን ይመስላል፤ ቀለበት ግን የለውም።

ወደ ታሪኩ ሲገባ፣ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ዘመንና በአንድ አገር፣ በሰሜን ኢጣሊያ ቢታዩም ወላጆቻቸው ይለያያሉ። የመርፌ ዳንቴል የጥልፍ ልጅ ነው። ጥልፍ ሠሪዎች ከነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ክር እየመዘዙ ወይም አራት ማዕዘን እየቆረጡ ባዶውን በስፌት መሙላት ልማዳቸው ነበር። የሚቆረጠው እየበዛ፣ የሚቀረው ጨርቅ እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ጨርቁ ጨርሶ ቀረና ስፌቱ ብቻውን ቆመ። ቬኒስ ይህን በአየር ላይ ያለ ስፌት ብላ ጠራችው። ፌዴሪኮ ቪንቺዮሎ በ1587 በፓሪስ፣ ቼዛሬ ቬቼሊዮ በ1591 በቬኒስ ያሳተሟቸው የንድፍ መጻሕፍት ሙያውን በመላ ኤውሮፓ አዳርሰዋል።

የቀሰም ዳንቴል ደግሞ የጉንጉን ልጅ ነው። ከወርቅ፣ ከብርና ከሐር ክር ለልብስ ዳር የሚጎነጎነው ቋድ ቀደምቱ ነው፤ ያው ዘዴ በቀጭን ነጭ ክር ሲሠራ ዳንቴል ሆነ። በ1493 ሚላን ውስጥ በተጻፈው የስፎርዛ ቤተሰብ የንብረት ክፍፍል ሰነድ ላይ ያለው መጠሪያ የዚህ ሥራ ቀደምት ምስክር ተደርጎ ይቆጠራል። ለቀሰም ሥራ ብቻ የተዘጋጀው የመጀመሪያ የታወቀ የንድፍ መጽሐፍ በ1557 በቬኒስ ታተመ። በ1561 በዙሪክ የወጣ ሌላ የንድፍ መጽሐፍ፣ ሙያው ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በቬኒስ ነጋዴዎች አማካይነት ወደ ከተማዋ መግባቱን ይናገራል። በኢትዮጵያ በቤተ ክርስቲያን ጥላዎችና ካባዎች ዙሪያ የሚታየው የወርቅማ ክር ዘርፍና ቋድ ከዚሁ ቀደምት ሙያ ወገን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የገንዘብና የመንግሥት ታሪክ ነው። የፈረንሳይ ባላባቶች ለቬኒስ ዳንቴል የሚያወጡት ወርቅ ያስጨነቀው የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር፣ በ1665 በአላንሶንና በሌሎች ከተሞች የዳንቴል ሥራ ድርጅት አቋቁሞ የቬኒስ ባለሙያዎችን አስመጣ። በጥቂት ዓመታት ፈረንሳይ ከገዢነት ወደ ሻጭነት ተሸጋገረች። እንግሊዝ በ1662 የውጭ ዳንቴል እንዳይገባ ብትከለክልም ክልከላው ኮንትሮባንድን አደራጀ፤ የብራስልስ ዳንቴል የእንግሊዝ የሚል ስም እየተሰጠው ይሸጥ ነበር። ፍላንደርስ በቀሰም፣ ቬኒስና አላንሶን በመርፌ ስማቸው ገነነ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የባላባት ልብስ ሲቀር ሁለቱም ክፉኛ ተጎዱ።

የመጨረሻው ዱላ ከመኪና መጣ። እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት የቀሰም ሠሪዎችን የእጅ አካሄድ አጥንቶ የዳንቴል መረብ የሚያጠማዝዝ መኪና ፈለሰፈ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1808ና በ1809 አስመዘገበ። በ1813 ጆን ሊቨርስ መኪናውን አሻሻለ። በ1816 የሎፍቦሮ ሠራተኞች የሂዝኮትን ፋብሪካ ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩ፤ እሱም ሥራውን ወደ ቲቨርተን አዛወረ፤ መኪናውን ግን አላቆመውም። የመኪናው ድል የቀሰም ዳንቴልን አስቀድሞ የመታበት ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ አለ። ማቋረጥና ማጠማዘዝ ሁለት ተደጋጋሚ እንቅስቃሴዎች ናቸው፤ ብረት ሊማራቸው ይችላል። የመርፌ ዳንቴልን ቀለበት በቀለበት የሚሰፋ መኪና ግን አልወጣም፤ ጊፑርም መልኩን እንጂ አሠራሩን አልወሰደም።

የእጅ ሙያው የተረፈው ሆን ብለው ባስተማሩት ሰዎች ነው። በቬኒስ አጠገብ ባለችው የቡራኖ ደሴት በ1872 የዳንቴል ትምህርት ቤት ሲከፈት አሮጌውን ስፌት የምታውቅ አንዲት አሮጊት ተፈልጋ ተገኘች፤ ትምህርቱም ከእርስዋ ተነሣ። በዛሬዋ ስሎቬንያ የማዕድን ከተማ በነበረችው በኢድሪያ የቀሰም ዳንቴል ትምህርት ቤት በ1876 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ያስተምራል፤ የአገሪቱ የቀሰም ዳንቴል በ2018 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚገኝባት ክሮኤሺያ ናት። በ2009 ያስመዘገበችው ሥራ የሦስት ቦታ ነው፦ የሌፖግላቫ በቀሰም፣ የፓግ ደሴት በመርፌ፣ የህቫር ደሴት ደግሞ መነኮሳይያት ከአጋቬ ቅጠል ጭረት በሚያወጡት ክር። ሦስቱም በየቦታቸው ስም ይታወቃሉ፤ በየቦታቸው ስም ይሸጣሉ።

ስለ ክሩ ሳይነገር የዳንቴል ታሪክ አይሞላም። የጥንቱ የኤውሮፓ ዳንቴል ከጥጥ አልተሠራም፤ ከተልባ እግር ክር ነው። የፍላንደርስ ገናናነትም ከባለሙያዎቿ እጅ ባልተናነሰ በተልባ ማሳዎቿ ላይ የቆመ ነበር። ክሩ እንዳይሰባበር እርጥበት ባለው ምድር ቤት ይፈተል ነበር። የባሌ ደጋ ገበሬ ተልባን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ባሌና አርሲ በኢትዮጵያ ተልባ ከሚበቅልባቸው ዋና ዋና አገሮች መካከል ናቸው። ነገር ግን እዚህ ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ ለዘይት፣ ለወጥና ለመጠጥ። ለፍሬ የሚፈለገው ተልባ አጭርና ቅርንጫፋም ነው፤ ለክር የሚፈለገው ግን ተጠጋግቶ የሚዘራ፣ ረዥምና ቅርንጫፍ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከነሥሩ የሚነቀል፣ በውኃ ወይም በጤዛ ዘፍዞ ጭረቱ የሚለቀቅ ነው። ስለዚህ አንዱ ተክል በፍላንደርስ የነገሥታት ኮሌታ፣ በሮቤ ማሳዎች የዘይት እህል ሆኖ ኖሯል። በጎባ ብርድ ጥጥ አይበቅልም፤ ሸማው፣ ቡሉኮውና የዳንቴሉ ክር ሁሉ ከቆላ ወይም ከፋብሪካ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ሽመናም፣ ጥልፍም፣ ጉንጉንም በነበረባት ኢትዮጵያ ከሁለቱ ዳንቴሎች አንዱ እንኳ ለምን ከውስጥ አልተወለደም? መልሱ ያለው በጠርዙ ላይ ይመስላል። የኤውሮፓ ልብስ ከብዙ ቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋ ነው፤ ከኮትና ከቀሚስ ሥር የሚለበሰው ነጭ የተልባ እግር ሸሚዝ በአንገትና በእጅጌ ብቅ ሲል የተቆረጠው ዳር ማለቂያ ይሻ ነበር። ዳንቴል የተወለደው ለዚያ ዳር ነው። ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ ግን ሳይቆረጡ ከሸማኔው እንደወጡ ይለበሳሉ። ጠርዛቸው በሽመናው ላይ ያልቃል፤ ሸማኔው በማጉ ላይ ቀለም ያለው ክር እየጨመረ ጥለቱን ያወጣል፤ የተረፈውም ድር ዘርፍ ይሆናል። በኤውሮፓ ዳንቴል ሠሪዋ የያዘችውን ቦታ በኢትዮጵያ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ይዞታል። የቀሚስ ጥልፍም ጨርቁን እንደያዘ ቀረ፤ በጨርቁ ላይ መስቀልና ሐረግ መጣል እንጂ ጨርቁን ቆርጦ ማስወገድ የሚያስፈልግበት ምክንያት አልመጣም።

በባሌ ደጋ ነገሩ ከዚህም ይጠናል። የደጋው የኦሮሞ ሴቶች የጥንት የቆዳ ልብስ በዛጎልና በጨሌ ይጌጥ ነበር፤ ለብርዱ የሚመቸው ቡሉኮም ወፍራም ድርብ ነው፤ ለረቂቅ ክፍተት የሚሆን አይደለም። የአካባቢው ሴቶች እጅ የተራቀቀበት ሙያ ስፌት ነው። ሰፌዱ፣ መሶቡና ጪጮ የሚባለው የወተት ዕቃ የሚሠሩት የሣር ወይም የጭረት ጥቅልል እየተጠመዘዘ፣ ወስፌ የፊተኛውን ረድፍ እየበሳች፣ አዲሱ ስፌት በቀድሞው ላይ እየተያያዘ ነው። ረድፉ በረድፍ ላይ መያያዙ የመርፌ ዳንቴል አካሄድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ውኃና ወተት እንዳያሳልፍ ሲጠብቅ፣ ሌላው ብርሃን እንዲያሳልፍ መክፈቱ ነው። ስለዚህ የመርፌ ዳንቴል ለባሌ ሴት ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። የቀሰም ዳንቴል ግን ሹሩባ ካልሆነ በቀር በቤት ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ቅርቡ ሸማኔው ነው፤ ሽመና ደግሞ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የወንድ ሥራ ሆኖ የቆየ ነው።

ኪሮሽ የገባው ከዘመናዊ ትምህርትና ከዘመናዊ የቤት ዕቃ ጋር ነው። የሴቶች ትምህርት ቤቶች፣ ከእነዚህም መካከል በ1931 በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት፣ ከቀለሙ ጋር የእጅ ሥራ ያስተምሩ ነበር፤ በ1935 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም የእጅ ሙያን አስፋፍቷል። ጎባ በ1960 ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማ ሆነች። ከዋና ከተማነት ጋር መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ከልዩ ልዩ አገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ ይመጣል፤ ከቤተሰቡ ጋር ሶፋና ቡፌ ይገባል። ልብሱ ዳንቴል አላስፈለገውም፤ ሶፋው ግን ጠርዝና ራስጌ ነበረው። ዳንቴል በኢትዮጵያ ከሰው አካል ይልቅ በቤት ዕቃ ላይ ያረፈው በዚህ የተነሣ ነው። ከልብስ ወገን ኪሮሽ ቦታ ያገኘው በወንዶች ቆብ፣ በሕፃናት ኮፍያና ሹራብ ነው።

ኪሮሽ ራሱ እንዴት ተስፋፋ ሲባል አየርላንድ ይገኛል። በ1840ዎቹ እዚያ የነበሩ መነኮሳይያት አሮጌ የኢጣሊያ የመርፌ ዳንቴል አገኙ፤ በዮል ከተማ ሜሪ አን ስሚዝ የተባለች መነኩሲት አንዱን ስፌት በስፌት ፈትታ አሠራሩን አወቀችና ለከተማዋ ልጆች አስተማረች። ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረሃብ ሲገባ ግን የመርፌ ዳንቴል ለተራበ ቤተሰብ እጅግ ዘገምተኛ ሆነ። በዚያን ጊዜ የቬኒሱን ወፍራም ዳንቴል መልክ በመንጠቆ የሚያስመስለው ኪሮሽ ተስፋፋ። ጽጌረዳው፣ ቅጠሉና የወይን ዘለላው ለየብቻ እየተሠሩ በሰንሰለት መረብ ይጋጠሙ ነበር፤ በመርፌ ሳምንታት የሚፈጀውም በመንጠቆ በቀናት ይደርስ ነበር። ሥራው ብዙ ቤተሰቦችን አበላ። የኪሮሽ ክብር ከዚህ ይጀምራል፤ የተወለደው ለጌጥ ይሁን እንጂ የተስፋፋው ለእንጀራ ነው።

በጎባም ሆነ በአዲስ አበባ የኪሮሽ አሠራር የሁለቱን ዳንቴሎች ጠባይ በየክፍሉ ይዟል። እንደ መርፌ ዳንቴል በአንድ ክር የሚሠራ፣ ቀለበትን በቀለበት ላይ የሚያያዝ ነው። እንደ ብራስልስ የቀሰም ዳንቴል ደግሞ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቁራጭ ለየብቻ ተሠርቶ ኋላ ይጋጠማል፤ የትልቅ አልጋ ልብስ በዚህ መንገድ በወራት ይሞላል። ከሁለቱም የሚለየው በንድፉ ነው። ብራናም ወረቀትም አያሻውም፤ ሞዴሉ ያለቀው ዳንቴል ራሱ ነው። ሠሪዋ የጎረቤቷን ሥራ ዘርግታ ሰንሰለቱን ትቆጥራለች፤ ቆጥራም ትደግመዋለች። ስለዚህ ንድፉ ያለ መጽሐፍ ከቤት ወደ ቤት ይጓዛል፤ ቡና እስኪፈላ ሊሠራ፣ እንግዳ ሲመጣ ሊቀመጥ ይችላል። ሃምሳ ጥንድ ቀሰም የተንጠለጠለበት ትራስ በሕፃናት መካከል እንዲህ አይነሣም፤ አይቀመጥም። ኪሮሽ ያሸነፈው በውበት ሳይሆን በቤት ኑሮ ላይ ባለው ምቾት ነው፤ ማሸነፉም ተገቢ ነበር።

ድክመቱም አለው። ክሩ ሦስት አራት ጊዜ ስለሚጠላለፍ ኪሮሽ ወፈር ይላል፤ ቅርጹን እንዲይዝ ብዙ ጊዜ ስታርች ይሻል፤ የአላንሶንን ወይም የሜኽለንን ያህል ሊረቅ አይችልም። ጌጡ ለዕቃ ከመሆን ወደ ነጠላ ጠርዝና ወደ ቀሚስ አንገት ሊሻገር ከተፈለገ የሚጎድለው ይህ ረቂቅነት ነው። በጎባና በሮቤ ሱቆች በርካሽ የሚገባው የመኪና ዳንቴል ደግሞ የሶፋውን ገበያ ከእጅ ሠሪዎች እየነጠቀ ነው፤ በብዛትና በዋጋ ከመኪና ጋር መፎካከር በኤውሮፓም አልተቻለም።

ከቀሰምና ከመርፌ ዳንቴል የትኛው ለባሌ ደጋ ይበልጥ ይስማማል ቢባል ፍርዱ ለመርፌ ዳንቴል ነው። ስፌትና ጥልፍ የሚያውቅ እጅ አለ፤ ኪሮሽ የሚያውቅ እጅም ቀለበት በቀለበት ላይ መያያዙን አስቀድሞ ያውቃል። መሣሪያው መርፌ፣ ቀጭን የጥጥ ክር፣ ወፍራም ወረቀትና ሁለት ድርብ ጨርቅ ነው፤ ይህ ሁሉ በጎባ ገበያ ይገኛል። የቀሰም ዳንቴል ትራሱ፣ ስፒሉና ቀሰሙ በአገር እንጨት ሠሪ ሊዘጋጅ ቢችልም፣ ቋሚ አስተማሪና ቋሚ ቦታ ይፈልጋል፤ በኢድሪያ እንደሆነው በትምህርት ቤት እንጂ በጉርብትና አይስፋፋም። በጎባና በሮቤ የሴቶች የሙያ ሥልጠና የሚሰጡ ሁሉ ከኪሮሹ ቀጥሎ የመርፌ ዳንቴልን አንድ ጠባብ ጠርዝ በመሥራት ቢጀምሩ፣ ለአገር ልብስ የሚሆን፣ የሥፍራውን ስም የሚሸከምና መኪና ያልደረሰበት ሥራ በእጃቸው ይገባል። አሁን በኪሮሽ ንድፋቸውን በቃላቸው የሚቆጥሩት እናቶች ሳያልፉ፣ ሞዴሎቻቸው በፎቶግራፍና በወረቀት ይመዝገቡ፤ ቡራኖ አንዲት አሮጊት ብቻ እስክትቀር ጠብቃ ነበር የጀመረችው።